ፐብሊክ ሆርቲካልቸር ተምሬ ምን እሆናለሁ? ላለችው የማርቆስ ተማሪ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ደብረ ማርቆስ ሆርቲካልቸር 2ኛ ዓመት ነኝ፣ «ፐብሊክ ሆርቲካልቸር» የሚባል ትምህርት እንዳለ ሰምቼ በጣም ወድጄዋለሁ፣ እኛ ሀገር አለ ወይ? ስራስ ያስቀጥራል? አባቴ «አትክልት ለመኮትኮት ነው ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ?» እያለ አካውንቲንግ ቀይሪ ብሎኛል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ የሳቅኩት በአባትሽ ንግግር ነው፣ የኔም አባት ቡሬ ሆኖ ቃል በቃል ባይሆንም ያንኑ ብሎኝ ነበር፣ «እኔ ያለ ዲግሪ የምሰራውን ለመስራት ነው 3 ዓመት የምትቀመጠው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን ችግኝ ጣቢያም፣ ጣና ዳር ሎጅ ግቢም፣ የከተማ አረንጓዴ ልማትም እያልኩ ከ15 ዓመት በላይ ስለቆየሁበት ትንሽ መልስ አለኝ፣ ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አሁን አንቺ የምትማሪው ሆርቲካልቸር ባብዛኛው ለገበያ የሚመረት ነው አይደል፣ ሽንኩርት ቲማቲም ድንች፣ አቮካዶ ማንጎ፣ ቅመማ ቅመም፣ ከዛ ለኤክስፖርት የሚቆረጠው ጽጌረዳ። እዛ ላይ ጥያቄው ሁሌ ከሄክታር ስንት ኩንታል ነው። ፐብሊኩ ላይ ግን ተክሉ አይሸጥም፣ ሰው መጥቶ ያየዋል፣ ይማርበታል፣ ጥላው ስር ያርፋል፣ ተመራማሪ ከሱ ዘር ይወስዳል፣ ስለዚ ተክሉን የምታውቂውን ያህል በበሩ የሚገባውንም ሰው ማወቅ አለብሽ፣ ትምህርቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚይዘው። ቦታኒክ ጋርደን፣ የዛፍ ስብስብ የሚይዙት አርቦሬተም የሚባሉት፣ የከተማ ፓርክ፣ ታሪካዊ ግቢ፣ የሆስፒታል ግቢ ሳይቀር እዚህ ውስጥ ይገባል።

ነገሩ አዲስ ፋሽን እንዳይመስልሽ። ጣሊያን ፓዱዋ ውስጥ ያለው የዩኒቨርሲቲ አትክልት ቦታ በ1545 እ.ኤ.አ. ነው የተመሰረተው፣ ምክንያቱ ደግሞ ተማሪዎች መድኃኒት የሆነውን ቅጠል ካልሆነው እንዲለዩ ነው፣ እኛ ጋ ደብተራው ተማሪውን ጫካ ይዞ እየወጣ የሚያሳየውን ማለት ነው። እንደ ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት የታወቀው ግን አሜሪካ ነው፣ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ሎንግዉድ ጋርደንስ ከሚባለው ትልቅ የሚጎበኝ የአትክልት ቦታ ጋር ሆኖ በ1967 እ.ኤ.አ. ማስተርስ ጀመረ፣ እዛ ላይ እጽዋቱ ብቻ ሳይሆን የሰው አስተዳደር፣ በጀት፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ለጎብኚ ማስተማር ሁሉ ይሰጥ ነበር። የሎንግዉድ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል፣ ፒየር ዱፖንት የሚባል ባለሀብት ነው በ1906 እ.ኤ.አ. መሬቱን የገዛው፣ የገዛውም እዛ የነበሩት ያረጁ ዛፎች ለጣውላ ሊቆረጡ ነው ሲባል ሰምቶ ነው። እንዲህ ዛፍ ከመቆረጥ የሚያስጥል ሰው እኛም ሰፈር አለ፣ ሰውዬው ባለሀብት ሳይሆን የደብር አስተዳዳሪ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

አሁን ወደ ሀገራችን። በዚህ ስም ዲፓርትመንት ፍለጋ አትድከሚ፣ መንገዱ ሌላ ነው። አንቺ አሁን ያለሽበት ሆርቲካልቸር ጥሩ መሰረት ነው፣ ኤግዚት ኤግዛሙን በሱ ትወስጃለሽ፣ ዲግሪሽን ትይዣለሽ፣ ማስተርስ ስትደርሺ ነው የምታዞሪው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋትና የብዝሀ ሕይወት ትምህርት አለ፣ እዛው የአርክቴክቸሩ ኢንስቲትዩት ውስጥ ደግሞ የላንድስኬፕ ዲዛይኑ አለ፣ ባህር ዳር ዘንዘልማ ግቢም የግብርናና አካባቢ ኮሌጁ አለልሽ። ውጭ ከታሰበ እንግሊዝ ኪው የሚባለው ቦታኒክ ጋርደን የሚሰጠው የሆርቲካልቸር ዲፕሎማ አለ፣ እጅሽን አፈር ውስጥ ከተሽ የምትማሪው ነው፣ ሎንግዉድም የ2 ዓመት የአትክልተኛ ስልጠና ያለ ትምህርት ክፍያ ይሰጣል። ለውጭ ዜጋ ክፍት የሆነውን ለይተሽ ራሳቸውን በኢሜይል ጠይቂ፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ይመልሳሉ። ደላላ ግን አትጠጊ፣ ይሄን ትምህርት በደላላ ያገኘ ሰው አላየሁም።

ፓርክና ቦታኒክ ጋርደን የሚለየው ምን እንደሆነ ካወቅሽ ግን ግማሹን ሙያ ይዘሻል፣ ልዩነቱ ደብተር ነው። ቦታኒክ ጋርደን ውስጥ እያንዳንዱ ተክል ከየት መጣ፣ ማን ሰበሰበው፣ መቼ ተተከለ፣ አለ ወይስ ሞቷል የሚል መዝገብ አለው፣ ቁጥርም አለው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዓመቱና ተራው ነው፣ 2017-0034 ካለ በ2017 ከገቡት 34ኛው ማለት ነው በቃ። እዚ ጋ የራሴን ሞኝነት ልንገርሽ፣ ሎጁ ጋ ስሰራ እኔ በኛ አቆጣጠር ስጽፍ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ በፈረንጅ ይጽፍ ነበር፣ ያኔ ችግሩ አልታየንም ምክንያቱም የኔ 2009 ሲል የሱ 2017 ይላል አይጋጭም፣ አሁን በቀደም ስሄድ የኛም 2017 ደርሶ ከ7 ዓመት በላይ የሚበላለጡ ሁለት ዛፎች አንድ ቁጥር ይዘው ቆመዋል። አንዱ ዋንዛ ነው አንዱ ሰሳ ስለሆነ ተለዩ፣ ሁለቱም ዋንዛ ቢሆኑ ኖሮ ግንድ እየለካን ስንከራከር ይመሽ ነበር።

የስም ምልክቱም እንደዚሁ ነው። ማርከር አንድ ክረምት አይሻገርም፣ ፀሐይ ይልሰዋል። የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ቆርጠሽ ጋዜጣ ላይ አስተኝተሽ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን አድርገሽ ጻፊበት፣ ፊደሉ ይሰረጎዳል፣ ዝናብም ፀሐይም አያጠፋውም፣ ወጪው ዜሮ። ግንድ ላይ በሚስማር አትምቺው ግን፣ ዛፉ ሲወፍር ይውጠዋል፣ በሽቦ ላላ አድርገሽ ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ይሄን የምዘረዝርልሽ ለምን መሰለሽ፣ ብዙ ተመራቂ ሲቪ ይዞ ይመጣል፣ አንድ ተክል ከዘሩ ጀምሮ መዝግቤ አሳድጌያለሁ የሚል ደብተር ይዞ የሚመጣ ግን የለም ማለት ይቻላል፣ አንቺ 40 ተክል የያዘ ደብተር ይዘሽ ብትመጪ እኔ ውጤትሽን አልጠይቅሽም።

ስራው ይገኛል ወይ ላልሽው፣ ይገኛል፣ ስሙን ቀይሮ ነው ያለው። ትልቁ ጉለሌ ቦታኒክ ጋርደን ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ገደማ፣ እዛ ላይ የስብስብ ተቆጣጣሪ፣ የችግኝ ባለሙያ፣ ጎብኚ የሚያስተምር፣ ሁሉም ዓይነት ያስፈልጋል። የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ አለ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የእጽዋት ዘር ማዕከል ሆኖ የተጀመረው፣ ዘር ተጠብቆ የሚቀመጥበት ጂን ባንክ አለው፣ ጅማና ሻሸመኔም የእጽዋት ማቆያ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደግሞ የደረቀ ናሙና የሚቀመጥበት ነው፣ የኢትዮጵያና ኤርትራ እጽዋት መዝገብ የተባለው ትልቁ ስራ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሰራው እሱን ይዞ ነው፣ 6 ሺህ ገደማ ዝርያ፣ ከዛ ውስጥ አስር በመቶ ገደማው ሌላ ሀገር የሌለ። ስራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ጉለሌንም መርተዋል፣ ማለትም ከደረቀ ናሙና እስከ ሰው የሚጎበኘው ግቢ ድረስ መንገዱ አንድ ነው።

ከዛ ወዲህ ያለው በየከተማው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ስር ያለው የውበትና አረንጓዴ ልማት፣ አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ባህር ዳርን ጨምሮ ስለመጣ ተከላ የሚቆጣጠር ሰው በጣም ይፈለጋል፣ ሎጅና ሆቴል ግቢ፣ የችግኝ ንግድ፣ የአበባ እርሻዎቹም ለግቢያቸው ባለሙያ ይይዛሉ። ደሞዙን አላጋንንልሽም፣ መንግስት ቤት ስትገቢ የጀማሪ ደሞዝ ነው፣ ሎጁ ይሻላል ግን ቱሪስት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀነሰው አትክልተኛው ነው፣ አሁን ደግሞ መንገዱ እንደምታውቂው ነው። እኔ ራሴ ያለፈውን ጊዜ ያለፍኩት በችግኝ ነው እንጂ በደሞዝ አይደለም።

የከተማ ስራ ስትገቢ የሚገጥምሽን ልንገርሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። አንድ ከተማ (ስሙ ይቅር) ለበዓል ይድረስ ተብሎ ሰው የሚያክል ዛፍ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ጥር ላይ ተተከለ፣ ጥር ላይ! ውሃ የሚያጠጣ ቦቴ 2 ሳምንት መጣና ቀረ፣ መጋቢት ላይ ሁሉም ማገዶ ሆነ። ከዛ አንዱን ነቅለን አየነው፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ነው የተተከለው፣ ስሩ ቱቦው ውስጥ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሎ ቀርቷል፣ ውሃ ቢያገኝም አይድንም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ጉድጓድ ስቆፍር ውያለሁ፣ ደስ ይል ነበር፣ ግን ተከላ የአንድ ቀን ስራ ነው፣ ጥቅምት ላይ ተመልሶ ስንቱ እንዳለ የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው። ያ የሚቆጥር ሰው ነው አንቺ የምትሆኚው።

ዛፍ መግረዝም ሌላ ያልተነካ ስራ ነው፣ በውጭ አርቦሪስት ይሉታል። እኛ ጋ መብራት ሽቦ ነካ ከተባለ አናቱን ጨፍጭፈው ይሄዳሉ፣ ዛፉ ከቁርጡ አካባቢ እንደ መጥረጊያ የሆነ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ስሩ ደካማ ስለሆነ ከ3 ከ4 ዓመት በኋላ በነፋስ ተገንጥሎ ሰው ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ እንደ አንገት እብጥ ያለች ቦታ አለች፣ ከሷ ወጣ ብሎ መቁረጥ ነው፣ እሷ ካልተነካች ቁስሉን ራሷ ትደፍነዋለች። ባህር ዳር ያሉትን ያረጁ የመንገድ ዛፎች አስቢያቸው፣ ዘምባባው ጃካራንዳው የድሬዳዋ ዛፉ፣ ከተማዋ የምትታወቀው በነሱ ነው፣ በሙያው ገመድ ታጥቆ የሚወጣላቸው ሰው ግን ስንት ነው?

ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ማስተማሩ ነው፣ እሱን ስራ ብሎ የሚቆጥረው ስለሌለ ነው መሰለኝ። ሎጁ ጋ እያለሁ ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ይመጡ ነበር፣ መጀመሪያ ጊዜ በላቲን ስም ጀመርኩላቸው፣ አዛጉብኝ። በሁለተኛው ምንም ሳልናገር ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ አንዳንድ ቅጠል በእጃቸው ሰጠሁና ጨፍኑ አሽትቱ አልኳቸው፣ አንዷ ልጅ ኮሰረቱን ጨምቃ «እንዴ ይሄ እኮ የእማዬ ቅቤ ነው!» ብላ ጮኸች፣ ከዛ በኋላ ማን ያስቁማቸው፣ ሁሉም የየቤቱን ይዞ መጣ። ውጭ ለዚህ ራሱን የቻለ የስራ መደብ አለው፣ የጋርደን አስተማሪ ነው።

አንድ ደግሞ ጎጃሜ ሆነሽ የማታልፊው ነገር እምቦጭ ነው። እምቦጭ አረም ሆኖ አልተፈጠረም፣ ደቡብ አሜሪካ ያለ የውሃ ተክል ነው፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ስለሚያምር ለኩሬ ጌጥ እየተባለ ሰው ነው በዓለም ዙሪያ ያዞረው፣ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፣ ጀልባ የማያልፍበት ዳርቻ ሆነ። የወፍ ቆሎም እንደዛው ለአጥር ለጌጥ መጥቶ ነው በረሃውን የያዘው። ስለዚህ የጌጥ ተክል የሚያስገባ ሰው ይሄ ተክል ካመለጠ የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ አለበት፣ ቦታኒክ ጋርደኖች ዛሬ ይሄንን እንደ ዋና ስራቸው ይዘውታል። ባህር ዳር ያለ ችግኝ ነጋዴ ሁሉ ይሄን ቢያውቅ ብዬ እመኛለሁ፣ ከኢንተርኔት እያዩ የማያውቁትን ዘር የሚያዝዙ አሉ።

አስቢው ደግሞ፣ እኛ ከአባይ በረሃ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ካለው ቆላ ተነስተን ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሆነው ጮቄ ድረስ አለን፣ ደጀን ላይ ቆሞ ግራር የሚያይ ሰው በዛው ቀን ጮቄ ወጥቶ ጅብራ ሊያይ ይችላል፣ ያ ጅብራ ዓመታት ቆሞ አንዴ ያብብና የሚሞተው። ቆላ ወይና ደጋ ደጋ ውርጭ በአንድ ጎጃም ውስጥ! ኡጋንዳ ኢንቴቤ ላይ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በ1898 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ቦታኒክ ጋርደን አላቸው፣ ጣና ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ብሎ መዝግቦታል፣ ሐይቁ ዳር ግን እኔ እስከማውቀው ተክሎቹን በስም አስቀምጦ የሚያሳየን ግቢ ገና ነው፣ ይሄ ለኔ ቁጭት ለአንቺ ደግሞ የስራ እድል ነው።

ለነገሩ ቦታኒክ ጋርደናችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ዘጌ ብትሄጂ ቡናው ከጥላ ዛፉ ጋር፣ ገዳማቱ ከጫካው ጋር ተያይዘው ያሉት ማንም ሳይንቲስት ሳይነካቸው ነው። አንድ አጥቢያ ያሉ አባ ጋ ዘር ልሰበስብ ሄጄ «ከዚህ ጥቁር እንጨት ልውሰድ?» ብላቸው «የወደቀውን ውሰድ፣ የተንጠለጠለው የወፍ ነው» አሉኝ። እኔ እንዲያውም የወደቀ ትኩስ ነበር የምፈልገው፣ የጥቁር እንጨት ዘር እንደ ስንዴ ጎተራ አይቀመጥም፣ ደርቆ ከከረመ አይበቅልም፣ ቶሎ ነው የሚዘራው። ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ተልጦ አልቋል፣ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር አለበት፣ አባ ግን ይሄን ሳይሰሙ ነው የጠበቁት። እንደሳቸው ያሉትን የምታናግሪበት ጨዋነት ኖሮሽ ደብተርሽን ብትይዢ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ የማይሰጥሽን ታገኛለሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ ሂጂ፣ መጀመሪያ ተሳለሚ፣ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል።

ዘር ካነሳን ወይራን ሳልነግርሽ አልለቅሽም። የወይራ ፍሬ ውስጡ ድንጋይ ነው፣ ዝም ብለሽ ብትዘሪው ወር በወር ላይ ይቆጠራል፣ አብዛኛውም እዛው ይቀራል። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ ነበሩ፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ እሳቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘሩን በጠርዙ ያቆሙና በሁለት ጣት ይዘው በትንሽ ጠጠር መታ ያደርጉታል። «ቀጭ ካለ ተሰነጠቀ፣ ጭፍ ካለ ገደልከው» ይሉኛል፣ እኔ በዲግሪዬ ከአስሩ ስድስቱን ጭፍ እያደረግኩ እሳቸው ከአስሩ አንድ አይስቱም። ያን ዓመት መደቡ ላይ ቀድሞ የወጣው የሳቸው ነው። መጽሐፉ ላይ «ቅርፊቱን ማስወገድ ብቅለትን ያሻሽላል» ይላል፣ እውነት ነው፣ ድምፁን ግን አልጻፈውም።

ስለዚ ዲፓርትመንት አትቀይሪ፣ ግን አባትሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ይሄ ሙያ ላይ የሚወድቀው ሰው ተክል ባለማወቅ አይደለም የሚወድቀው፣ በጀት መጻፍ ባለመቻል ነው፣ ቦቴው ለምን እንደቆመ ጠይቀሽ ብትከታተዪው መጨረሻው የነዳጅ መስመር በእቅድ ላይ አለመኖሩ ነው። የዴላዌሩም ትምህርት ያን ያህል ገንዘብና አስተዳደር የጨመረው ለዚሁ ነው። በክረምት አጭር የሂሳብ ኮርስ ውሰጂ፣ ኤክሴል ልመጂ፣ ለአባትሽም አካውንቲንጉን ጀምሬዋለሁ በያቸው፣ ውሸት አይሆንም። ሌላው እንግሊዝኛሽ ነው፣ እሱን እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁት።

ኢንተርንሺፕ ሲደርስ ቢሮ አትምረጪ፣ ችግኝ ጣቢያ ግቢ፣ የሚጎበኝ ግቢ ካገኘሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። እስከዛው ከማርቆስ ሳትወጪ አንድ ደብር ምረጪ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ቁጠሪ፣ ጽድ ዝግባ ኮሶ ወይራ ብለሽ በአማርኛ ስሙ ጀምሪ፣ ላቲኑ ይደርሳል። ያላወቅሽውን በስልክ ፎቶ ብቻ አትለፊው፣ አስፈቅደሽ አንድ ትንሽ ቀንበጥ ከአበባው ወይ ከፍሬው ጋር ቁረጪ፣ ጋዜጣ መሃል ዘርግተሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የነገረሽን ሰው ዳር ላይ ጻፊ። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪው ታዲያ፣ በማርቆስ ክረምት ሁለት ቀን ከረሳሽው ይሻግታል።